ክብርት ሚኒስትሯና የጠፋው ሰባት

በየቤተሰቡ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ማንኪያን ማንኪያ ሆኖ እንዲኖር የማይፈቅድ። በዚህ ሰው ፊት ማንኪያ የቁመት መለኪያ ነው፣ ከበሮ መምቻ ነው፣ የ"ማ" ፊደል ምሳሌ ነው፣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል ወይስ ይሰምጣል ተብሎ የሚመረመር ከባድ ጉዳይ ነው። ሾርባ መጠጫነቱ የሚታወሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔ ሾርባው ቀዝቅዟል። እንዲህ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ክፍል ገብቶ አስተምሮ አያውቅም። ያስተማረማ ቤቱ ሲገባ ማረፍ ነው የሚፈልገው።

በዚህ ቤት ማንኪያ አላስቀምጥ ያሉት የልጅቷ አክስት ነበሩ፤ የእናቷ ታላቅ እህት። ጧት ጧት በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ያጥፋሉ። ከሰዓት በኋላ የአምስት ዓመቷን ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ተቀብለው ወደ ቤት ያመጣሉ፤ አባቷ ከሥራ እስኪመለስም አብረዋት ይቆያሉ። ምድር ቤት የሚኖረው ጡረተኛ ሾፌር መኪናውን ካስረከበ ወዲህ ሥራው ለሰው ስም ማውጣት ነው። "ክብርት የትምህርት ሚኒስትር" ብሎ የሾማቸው እሱ ነው። ሹመቱ ያለ ተቃውሞ ጸደቀ። ከልጅቷ በቀር ጎረቤቱ ሁሉ፣ በልቡም ቢሆን አባትየው ጭምር፣ ክብርትነታቸው እያለ ይጠራቸው ጀመር። ልጅቷ ግን "እታለም" ነው የምትላቸው። እናቷ ትጠራቸው የነበረው እንደዚያ ነበር።

አባትየው ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ቀኑን ሙሉ በሰው ሳሎንና በሰው መታጠቢያ ቤት ተንበርክኮ ይውላል። ማታ ቤቱ ሲገባ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እግሩን ዘርግቶ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቀው፣ ዝም ብሎ መቀመጥ። ክብርትነታቸው ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ ከማይታገሡት ነገር ሁሉ አንደኛው "ዝም ብሎ" የሚባለው ነበር።

"ዝም ብሎ ነገር የለም!" ይላሉ፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው።

ካልሲ ዝም ብሎ ካልሲ አይደለም። የታጠበው ካልሲ ሁሉ አልጋ ላይ ይፈሳል፤ ልጅቷና ክብርትነታቸው ቀድሞ ጥንድ ለማግኘት ይሽቀዳደማሉ። አንሶላ ዝም ብሎ አንሶላ አይደለም። በአራት እጅ ተይዞ አንዴ ሲታጠፍ ግማሽ ነው፣ ደግሞ ሲታጠፍ ሩብ ነው፣ ሦስተኛ ሲታጠፍ ልጅቷ ከላዩ ትጋደምበታለች፤ ያኔ ትምህርት አልቋል። እራት የሚቀርበው ፈተናውን ካለፈ በኋላ ነው፤ ባቄላው ነጭ፣ ቡናማና "ከሁለቱም ያልሆነ" ተብሎ ተለይቶ ሦስት ሳህን ላይ ካልተቀመጠ ድስት አይጣድም። አባትየው አንድ ማታ ርቦት "ሆድ ውስጥ ሲገባ አንድ ላይ አይደል የሚቀላቀለው?" ቢል ክብርትነታቸው ወደ ልጅቷ ዞረው፣ "ሰማሽ? አባትሽ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ። እስኪ መልሺለት" አሉ።

ከሁሉ የከፋው የጠርሙስ ክዳን ነበር። ክብርትነታቸው ከሠፈሩ ሱቅ፣ ከሆስፒታሉ ካፌ፣ ከሾፌሩም ቤት ክዳን ይለቅማሉ። ክዳኑ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ወደ አንድ የጨርቅ ከረጢት ይገባል። ከዚያ ወለሉ ላይ ይሰለፋል፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ቀጥሎ ምን ይመጣል? ቀጥሎ የሚመጣው ማለዳ በባዶ እግሩ ወደ መታጠቢያ ቤት የሚሄደው አባት ነው። በሰው ወለል ላይ አንዲት ጠጠር እንኳ የማይተው ጥንቁቅ ባለሙያ፣ በገዛ ቤቱ ወለል ላይ በአንድ እግሩ እየነጠረ የማይጻፍ ነገር ተናገረ። "እና" አሉ ክብርትነታቸው ከሰዓት በኋላ ይህን ከልጅቷ ሲሰሙ፤ "ቢጫ ነበር የረገጠው ወይስ ቀይ?"

ቀጥሎ ፊደል መጣ። በሩ ላይ "በ"፣ ወንበሩ ላይ "ወ"፣ መስታወቱ ላይ "መ" ተለጠፈ። ቤቱ የተወረሰ ንብረት መሰለ። አንድ ቀን አባትየውን የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጣለው። በማግስቱ ሥራ ቦታ ጎንበስ ሲል ጓደኛው ከኋላው ቀርቦ ጀርባውን ትክ ብሎ አየ።

"አንተ፣ 'አ' ምንድነው?"

"የምን 'አ'?"

"ጀርባህ ላይ። 'አ' ይላል። የመጋዘን ዕቃ ነህ እንዴ?"

"አባት ማለት ነው" አለ እያፈረ፣ ወረቀቱን ቦጭቆ። ሊጥለው እጁን አነሳና ተወው። ኪሱ ከተተው።

ገበያ ደግሞ አብሮ መውጣት ጭንቅ ነው። ክብርትነታቸው ልጅቷን ከአትክልት ሻጩ ፊት አቁመው በአንድ እጇ ድንች፣ በአንድ እጇ ሽንኩርት ያስይዟታል። "የቱ ይከብዳል? ቶሎ አትበይ። ይሰማሽ።"

"እናቴ" ይላል ሻጩ፣ "የሚገዙት የቱን ነው?"

"የምገዛውማ ቲማቲም ነው። አንተ አትቸኩል፣ ልጅ እያሰበች ነው።"

ከኋላ የተሰለፈው ሰው መጀመሪያ ያጉረመርማል። ከዚያ አንዱ "ድንቹ ነው" ይላል። ሌላው "ኧረ ሽንኩርቱ ነው፣ ውሃ አለው" ይላል። ክራቫት ያሰረ ሰው ፋይሉን መሬት አስቀምጦ ሁለቱንም በእጁ ይመዝናል። በመጨረሻ ሻጩ ራሱ ሳይለምኑት ሚዛን ላይ ያወጣቸዋል፤ ግማሹ ሰልፍ ያጨበጭባል። ክብርትነታቸው ሁለት ቲማቲም ገዝተው ይሄዳሉ።

ይህ ሁሉ ወጪ እንደሌለው አባትየው አልጠፋውም። ግን ሌላ ነገር ሰምቶ ልቡ እዚያ ሄዷል። የአሠሪው ሚስት ልጆቿን ከትምህርት ቤት መልስ አንድ የሕፃናት ማቆያ ትልክ ነበር። ለእያንዳንዱ ልጅ ታብሌት አለ፣ ዩኒፎርም አለ፣ አስተማሪዎቹ ሰርተፊኬታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። "በሥርዓት ነው የሚማሩት" አለችው። በሥርዓት የሚለው ቃል ጆሮው ላይ ቀረ። ልጅቷ ማቆያ ከገባች ደግሞ ክብርትነታቸው በየቀኑ ወደዚህ ቤት የሚመጡበት ምክንያት አይኖርም። ይህን እሱ ያውቃል። እሳቸውም ያውቃሉ። ስለ ማቆያው ባነሳ ቁጥር ባቄላ መልቀም የሚጀምሩት ለዚህ ነው።

ቁርጡን ሊነግራቸው ተነስቶ የተወበት ቀን ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ቃሉን ሁሉ አዘጋጅቶ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ጀርባቸውን ሰጥተው ሳህን ያጥባሉ። ከኋላ ሲታዩ አቋቋማቸው የእህታቸው ነው። ውሃ ጠጥቶ ወጣ።

ምክንያት ሲፈልግ ሰነበተና ምክንያቱ ራሱ ደወለለት። የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት ልታነጋግረው ጠራችው። የልጆች ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ጉልበቱ ጆሮው አጠገብ ደረሰ።

"ልጅዎ ጎበዝ ናት" አለች።

እንዲህ ተብሎ የሚጀመር ወሬ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

"ፊደል ከሁሉም ቀድማ ለይታለች። ቀለም፣ ቅርጽ፣ መመደብ፣ አንድም ችግር የለባትም። ቁጥርም ታውቃለች። ግን..."

"ግን?"

"ሰባት የለም።"

"የት ሄደ?"

"እሱን ልጠይቅዎት ነው የጠራሁዎት። አምስት ትላለች፣ ስድስት ትላለች፣ 'ሆጳ!' ብላ ትዘላለች፤ ከዚያ ስምንት።"

"በአፏ ነው የምትዘለው?"

"በእግሯም።" መምህሯ ፊቷን አሸት አሸት አደረገች። "እሷ ብቻ ብትሆን እኮ ግድ የለም፣ በሳምንት ይስተካከላል። አሁን የሚዘለው ክፍሉ በሙሉ ነው። ወደውታል። ባለፈው ዳይሬክተሯ ሊጎበኙን ገብተው 'እስኪ እስከ አሥር ቁጠሩ' ቢሏቸው ክፍሉ አንድ ላይ ዘሎ የግድግዳ ሥዕል ወደቀ። እኔ ራሴ ትናንት ቤቴ እንቁላል ስቆጥር..." አለችና ተወችው። "ብቻ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ካለ ብዬ ነው።"

ቤት ውስጥ ምን እንዳለ ያውቅ ነበር። እንዴት እንደሆነ ግን አልገባውም። በማግስቱ ሥራውን ቀደም አድርጎ ጨረሰና ወደ ቤት ሲመለስ ሁለቱ ከፊቱ ወደ ግቢው ሲገቡ አየ። ሳይጠራቸው ተከተለ። ቤታቸው ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ጠባብና ጨለምለም ያለ ነው። ክብርትነታቸው በአንድ እጃቸው ዘንቢል፣ በአንድ እጃቸው ልጅቷን ይዘው እየረገጡ ያስቆጥራሉ።

"አራት!" ይላል ቀጭኑ ድምፅ። "አምስት! ስድስት!"

ሰባተኛው ደረጃ ከንፈሩ፣ የፊት ጠርዙ፣ የለም። ፍሪጁ ወደ ላይ የወጣ ቀን ነው የተሰበረው፤ የረገጠው ሰው ወደ ኋላ ይሄዳል። ክብርትነታቸው እዚያ ሲደርሱ የልጅቷን ክንድ አጥብቀው ያዙ።

"ሆጳ!"

"ስምንት!" አለች ልጅቷ ማዶ አርፋ።

አባትየው ከታች ቆሞ ቀረ። እሱም ያንን ደረጃ እየዘለለ መግባት ከጀመረ ስንት ጊዜ ሆኖታል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች "የሰው ደረጃ ስትሠራ ትውልና የራስህን ዘለህ ትገባለህ" ትለው ነበር። "እሁድ እሠራዋለሁ" ይላት ነበር። ይህን ቢያስብ ኖሮ ምናልባት ነገሩ እዚያው በሳቅ ያልቅ ነበር። ያሰበው ግን ምክንያት ማግኘቱን ነው። ልጅቷ ጫማዋን ልታወልቅ ወደ ውስጥ ስትገባ በር ላይ ደረሰባቸው።

"እትዬ።"

"ውይ! አስደነገጥከኝ። ዛሬ በጊዜ ነው?"

"ሰባት የት አለ?"

"የምን ሰባት?"

"ደረጃው ላይ። ከስድስት በኋላ የሚመጣው።"

ቆም አሉ። ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ከአንድ ጀምሮ ሲቆጥር አየው። ስድስት ሲደርሱ ቀኝ እጃቸው ሳይታዘዝ ብድግ አለ።

"ጉዴ!" አሉ ቀስ ብለው።

የመምህሯን ነገር፣ የዳይሬክተሯን ነገር፣ የወደቀውን ሥዕል ነገራቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚያስቅ ነገር ነበር። ሚስቱ ብትኖር ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር የምትስቀው።

"ከሰኞ ጀምሮ ማቆያ ላስገባት ነው" አለ። "የተማሩ ልጆች ናቸው የሚያስተምሩት፣ በሥርዓት። እርስዎም ትንሽ ይረፉ።"

"ደክሞኛል አልኩህ?"

"አላሉም።"

"ደረጃውን የሰበርኩት እኔ ነኝ?"

"አይደሉም።"

"ደረጃ ሠርቶ የሚያድረውስ ማነው? እኔ ነኝ?"

መልስ ያጣ ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ እሱም አደረገ። "እትዬ፣ ይሄ ቤት ነው እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም! ክዳን ሳልረግጥ፣ ጀርባዬ ላይ ሳይለጠፍብኝ፣ ገብቼ ዝም ብዬ መቀመጥ ነው የምፈልገው። ዝም ብዬ!"

ጣታቸው ወደ ላይ አልተቀሰረም። ሻርፓቸውን አስተካከሉ፣ ዘንቢሉን በር ላይ አስቀመጡ።

"ደህና" አሉ።

ወረዱ። ጆሮውን አቁሞ ሰማ። ሲወርዱ አልቆጠሩም።

ማቆያው የተባለለትን ያህል ነበር። ንጹሕ ነው፣ ብሩህ ነው፣ ልጆቹ በመስመር ተቀምጠው በመስመር ይወጣሉ። ልጅቷ የመጀመሪያውን ቀን ግንባሯ ላይ የወርቅ ኮከብ ተለጥፎላት መጣች።

"ኮከብ! በምን አገኘሽው?"

"ዝም ስላልኩ።"

በማግስቱም ኮከብ አገኘች። በሦስተኛውም። አባትየው እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። ወለሉ ላይ አንድም ክዳን የለም። የሚጠይቀው የለም። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ጠብ ጠብ እንደሚል እስካሁን አስተውሎ አያውቅም ነበር። ሥራ ቦታ አንድ ግራጫ፣ አንድ ጥቁር ካልሲ አድርጎ ሄደ፤ ጓደኛው "ዛሬስ እግርህ ላይ ያለው ምን ማለት ነው?" አለው። ማታ ሲበሉ ልጅቷ ማንኪያዋን አንስታ አየችው።

"ይሄ ምንድነው?"

"ማንኪያ ነው።"

"ሌላስ?"

"ሌላማ ምን ይሆናል? ማንኪያ ነው።"

ልጅቷ ማንኪያውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። "እታለም ሞተች?" አለች።

"ኧረ! ማን አለሽ? ቤቷ ነች።"

"ታዲያ ለምን አትመጣም?"

"ትንሽ ትረፍ ብዬ ነው" አለ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ማረፍ ለሞተ ሰው እንደሚባል በዚህ ቤት ሰምታ ነበርና ፊቷ ተለወጠ። አቅፎ እስኪያባብላት፣ እታለም በሕይወት እንዳለች፣ አንሶላ እያጠፈች እንደሆነ ደጋግሞ እስኪምልላት ድረስ ምግቡ ቀዘቀዘ።

ቅዳሜ የክዳኑን ከረጢት አነሳና ልጅቷን ሾፌሩ ጋ አኖራት። ከረጢቱን ልመልስ ነው የምሄደው ብሎ ለራሱ ነገረው።

"የት ነው?" አለ ሾፌሩ።

"ዕቃ ልመልስ።"

"ዕቃ!" ሾፌሩ ከሰኞ ጀምሮ አኩርፎታል። "አንተ እኮ ጉደኛ ነህ፤ ምክር ቤቱ ሳይሰማ ሚኒስትር ታወርዳለህ። እኔ አሁን ክዳን የምሰጠው ለማነው?"

ክብርትነታቸው የሚኖሩት በተርታ የተሠሩ የኪራይ ክፍሎች ካሉበት አንድ ግቢ ነው። ወደዚያ ከሄደ ቆይቷል፤ የትኛው በር እንደሆነ ጠፋው። ግቢው ውስጥ ልብስ የምታሰጣ ሴት ነበረች።

"ሆስፒታል የሚሠሩት ሴትዮ ቤት የቱ ነው?"

"እኚያ ዝምተኛዋ?"

"አይ፣ ዝምተኛ አይደሉም። አንሶላ የሚያጥፉት፣ ነገር ሁሉ የሚያስጠይቃቸው።"

"አንሶላ የሚያጥፉትስ ልክ ነው" አለች ሴትዮዋ፣ መቆንጠጫ ከአፏ አውጥታ። "ሌላው ግን እሳቸው አይደሉም። ስንት ዓመት አብረን ኖርን፤ ከ'እንደምን ዋልሽ' ሌላ ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። የመጨረሻው በር ነው።"

የተሳሳተ ሰው ቤት እንደሚያንኳኳ እያሰበ አንኳኳ። ከፈቱለት። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። በሩ ላይ "በ" የለም። መስታወቱ ላይ ምንም አልተለጠፈም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ኩባያ ሻይ፣ ውስጡ ማንኪያ አለ። ማንኪያው ማንኪያ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

"ክዳኖቹን ረስተው ነበር" አለ።

"አልረሳኋቸውም። የእሷ ናቸው።"

ሻይ ቀዱለት። ተቀመጡ። ሳይናገሩ ሲቀመጡ አይቷቸው አያውቅም ነበር። ቀልጣፋዋ፣ ጣት ቀሳሪዋ ሴት እዚህ ክፍል ውስጥ የለችም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሻዩ ላይ የሚወጣውን እንፋሎት ያያሉ።

"እዚህ ምንም አይቆጥሩም?"

"ማንን ላስቆጥር?"

ሻዩን ጠጣ። እሳቸው ራሳቸው ጀመሩ።

"እኔ ድሮም አፍ የለኝም። እህቴ ነበረች የሁለታችንንም የምታወራው። ያን ሰሞን አንተ ወደ ሥራ ስትመለስ ከልጅቷ ጋር ለብቻችን ቀረን። ልጅ አላሳደግሁ፣ ምን እንደሚባል አላውቅ። ስታየኝ አየኋት። ልትጠይቀኝ ነው። የምትጠይቀኝንም አውቄዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ የውሃ ጠርሙስ ክዳን ነበር፤ 'ይሄ ስንት ነው?' አልኳት። 'አንድ' አለች። ሌላ ፈልጌ ጨመርኩ። ከቆሻሻ መጣያም አውጥቻለሁ፣ አልደብቅህም። አንተ እስክትመጣ ቆጠርን። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ነገር ያስፈልግ ነበር።"

"እና ሳትጠይቅዎት ቀረች?"

"ጠየቀችኝ እንጂ። ኋላ፣ ካልሲ ስናጣምር። ያኔ ግን ሁለታችንም ትንሽ በርትተን ነበር። 'እናትሽ አትመጣም' አልኳት። 'እሺ' አለች። ሰማያዊውን ካልሲ ፈልጋ አጣመረችው።" ኩባያቸውን ዞር አደረጉት። "ሰባትን ግን እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እሱ ላይ ልክ ነህ። የልጅ ቁጥር አጥፍቼ እንቅልፍ አልወስድ ብሎኛል።"

አባትየው ብዙ ሊል አሰበ። ሰው ፊት ይቅርታ ማለት ግን እንደ ሴራሚክ ልክ ወስዶ፣ ቆርጦ የሚያኖሩት ነገር አልሆነለትም።

"ነገ ደረጃውን ልሠራው ነው" አለ።

"ደግ።"

"ሲሚንቶ ሳቦካ ልጅቷን የሚይዝልኝ ሰው የለም።"

"ሾፌሩ አለልህ አይደል?"

"እሱ ራሱ ያዥ ይፈልጋል።"

ፈገግ አሉ። "ስንት ሰዓት ነው?"

"ከምሳ በኋላ።"

"ለምን ከምሳ በኋላ? ምሳ የት ልበላ ነው?" አሉና ተነስተው ኩባያዎቹን ሰበሰቡ። "ማቆያውስ?"

"ኮከባቸውን መልሰንላቸው እንወጣለን።"

እሁድ መጡ። ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "እንኳን ወደ መሥሪያ ቤትዎ በሰላም ተመለሱ" አላቸው። ልጅቷ ወገባቸው ላይ ተጠምጥማ ለምሳ እንኳ አልወርድም አለች።

አባትየው የተሰበረውን በመሮ አጽድቶ ሳንቃ አቆመበት፤ አሸዋና ሲሚንቶ አቦካ። ክብርትነታቸው ልጅቷን ይዘው ከላይ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። አሸዋው ከሲሚንቶው ይበዛል ያንሳል አላሉም። ወፍራምና ቀጭን አላሉም። እንደ እንግዳ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ቤቱ ትምህርት ቤት አይደለም ተብለው የለ? አባትየው ያ ዝምታ ጀርባው ላይ ከበደው። ፊቱ መስተካከሉን የሚለካበትን ውሃ ልክ ሲያስቀምጥ ሆን ብሎ ወደ ልጅቷ አዘነበለው፣ የውስጡ አረፋ እንድትታይ። ልጅቷ አየችና ወደ አክስቷ ዞረች። አክስቷ ምንም አላሉም።

ለደንበኛ እንኳ አድርጎት በማያውቀው ጥንቃቄ ለሰነው። ጠርዙ ቀጥ አለ፣ ፊቱ እንደ መስታወት ጠራ። እርጥብ ሥራው ላይ ጣቱን ያሳረፈ የቀን ሠራተኛ ከእሱ ጋር ሁለተኛ እንደማይሠራ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከኪሱ ምስማር አውጥቶ ወደ ላይ ዘረጋላቸው።

"ይጻፉበት።"

"አንተ! ይበላሻል እኮ። እንዲህ አድርገህ ሠርተኸው!"

"ይበላሽ።"

ምስማሩን ተቀበሉት። አንድ ሁለት ጊዜ አገላብጠው አዩትና ለልጅቷ ሰጧት፤ እጇን በእጃቸው ያዙ። ጎንበስ ብለው ጻፉ። ሰባት ወጣ፤ ትንሽ ዘመም ያለ፣ እግሩ ከሚገባው በላይ የረዘመ። ጠርዙ ላይ ሲሚንቶው ተፈነቀለ። አባትየው እጁን ጀርባው ላይ አጣምሮ ያዘ።

"ይሄ ማነው?" አሉ ክብርትነታቸው። ድምፃቸው ተመልሷል።

"ሰባት!" አለች ልጅቷ። ሳትዘል ነበር ያለችው። ከዚያ ደረጃውን ቁልቁል አየች፤ ሽቅብም አየች። ፊቷ ላይ ቅሬታ መጣ።

"ሌሎቹስ ቁጥር የላቸውም?"

ክብርትነታቸው የቀረውን የሲሚንቶ ከረጢት አዩ። ከዚያ እሱን አዩት። ሌሎቹ ደረጃዎች ደኅና ነበሩ፤ በሙያው ውስጥ ደኅና ደረጃ የሚነካ ሰው የለም። አባትየው ከረጢቱን በእጁ አንስቶ ክብደቱን ገመተና መሮና መዶሻውን አነሳ።

ሲመታ ሕንፃው ነቃ። ምድር ቤት በሩ ተከፈተ።

"አሁን ደግሞ ምን ልትሰብር ነው?" ብሎ ጮኸ ሾፌሩ።

"ስድስትን" አለ አባትየው።